ጨረቃ ላይ ያሳረፈን ዜማ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም፤ አፍራለሁ። በደርግ ጊዜ ከናዝሬት እየተመላለስኩ ወንጂ ሒሳብ ክፍል ስሠራ፣ ሞስኮ የተማረው መሐንዲሳችን ጨዋታ የሚያጫውት የኪስ ካልኩሌተር ይዞ መጣ። መንኮራኩር ጨረቃ ላይ የማሳረፉን ጨዋታ የፈጠረው እሱ ራሱ ነበር። ችግሩ፣ ካልኩሌተሩ በጠፋ ቁጥር ጨዋታው ይሰረዛል፤ መልሶ ለመጫን ዘጠና ቁልፍ በተራ መምታት ነው። አንዷ ከተሳተች ሁሉም ከንቱ!

እንዳይረሳኝ የቁልፎቹን ተራ በዜማ አደረግሁት። የማውቀው ዜማ ደግሞ ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ በየቤቱ ተደብቀን የምንዘምረው ብቻ ነበር። ከየት እንዳመጣሁት ሳልናገር ለባልደረቦቼ አስተማርኳቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮው በሙሉ «ሰባት፣ ሁለት፣ ደምር» እያለ ሲያዜም ዛሬም ይናፍቀኛል።

አንድ ቀን ብቻዬን እያዜምኩ ስጭን፣ ሁላችን የምንፈራው ካድሬ ለካ ከኋላዬ ቆሟል።

«ጓድ፣ ይቺ ዜማ የማን ናት?»

«የ... የቁጥር ናት፣ ጓድ።»

«እስቲ ድገሚያት።»

ደገምኳት። ሄዶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ።

«ሦስተኛው ስንኝ ላይ ዝቅ አይባልም፣ እህቴ» አለኝ። «ከፍ ነው የሚባለው።»