አከራዩ መጮኽ ያቆመበት ምዕራፍ

የሦስተኛው ምዕራፍ ቀረጻ በተጀመረበት ጠዋት ሽማግሌው ተዋናያችን ማይኩ ፊት ቆመው እንደ ወትሯቸው ለመጮኽ አፋቸውን ሲከፍቱ ድምፃቸው ከዳቸው። የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነበር። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ፤ ከፔርሙሳቸው ሙቅ ውሃ ጎንጨት ብለው ደግመው ሞከሩ። አሁንም የለም። ኮምፒውተሩ ጋ የተቀመጠው ዳይሬክተራችን፣ “የሱሉልታ ብርድ ነው፤ አባባ፣ ትንሽ ይረፉ” አላቸው። እሳቸው ግን ብርድ እንዳልሆነ ሳይገባቸው አልቀረም። ወረቀቱን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ። ጩኸቱን የሚያዝዘውን ጽሑፍ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የምንሠራው የአኒሜሽን ኮሜዲ ነው። ዳይሬክተሩ ሱሉልታ የተከራየው ቤት ውስጥ አንዷን ክፍል በፍራሽና በብርድ ልብስ ጠቅጥቀን ስቱዲዮ አድርገናታል። ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ ጥቂት ተከራዮች፣ አንድ አከራይ። አከራዩ ስም የለውም፤ ተከራዮቹ “ጋሼ” ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ሥራው አንድ ነበር። ቆርቆሮው በር አጠገብ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ክፍሉ ሊያልቅ ሲል ብድግ ይልና “ቧንቧውን ማነው የከፈተው!” ብሎ ግቢውን በጩኸት ያናውጠዋል። ጣሪያው ላይ ያሉት ርግቦች ብር ይላሉ፤ የተሰጣ ልብስ ይወድቃል፤ ሰው ይስቃል። እኔ የምኖረው ቡራዩ ነው። ታክሲ ተራው ላይ ረዳቶች በዚያው ጩኸት እርስ በርስ ሲጠራሩ ስሰማ ደስታዬን የምደብቅበት ይጠፋኝ ነበር።

ጩኸቱ የሳቸው ፈጠራ ነው። እኔ ወረቀቱ ላይ ያሰፈርኩት “አከራዩ ይቆጣል” የሚል ብቻ ነበር። ለድምፅ ፈተና የመጡ ቀን ያቺን መስመር አነበቡና ድንገት ሲጮኹ ሻዬ ቀሚሴ ላይ ተደፋ። በኑሯቸው ግን ዝምተኛ ሰው ናቸው። ጉልምስናቸውን በሬዲዮ ድራማ ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰበታ ከባለቤታቸው ጋር የሚኖሩ፣ ሲናገሩ ለመስማት ጠጋ ማለት የሚያስፈልግ ዓይነት ሰው። አንድ ጊዜ ያን ጩኸት ከየት እንዳመጡት ብጠይቃቸው “የአባቴ ነው” አሉኝ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ብዙም ሳይቆይ ባለቤታቸው ደወሉልኝ። የአንገት በላይ ሐኪሙ የድምፅ አውታራቸው ላይ እባጭ አግኝቶ በቀዶ ሕክምና አውጥቶላቸዋል። ክፉ ነገር አልነበረም። ግን ለተወሰኑ ሳምንታት ጨርሶ እንዳይናገሩ፣ ከዚያ በኋላም ዳግመኛ እንዳይጮኹ አስጠንቅቋቸዋል።

“ይጮኻል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ልጄ” አሉኝ እትዬ። “እንኳን ለናንተ ለኔም አይጮኽም።”

እየሳቁ ነው ያሉት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ግን ብዙ ተጨንቀው እንደሰነበቱ ገባኝ።

ዳይሬክተሩ ደስ የሚል፣ ሥራ ላይ ግን የሚቸኩል ልጅ ነው። የድሮ ጩኸቶቻቸው በሙሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ ነበሩ። አንዱን ቆርጦ አዲሱ ትዕይንት ላይ ለጠፈውና አሰማኝ። የአከራዩ አፍ ከድምፁ ጋር ልክ ገጠመ፤ ርግቦቹም በረሩ። ሁለታችንም አልሳቅንም።

“ሰው አይለየውም” አለ።

“እኛ ለይተነዋል።”

“እና ምን እናድርግ? ሌላ ሰው እንፈልግ?”

“ለምን አከራዩ ራሱ መጮኹን አይተውም?”

ወንበሩን ወደ እኔ አዞረው። “ካልጮኸ ምኑ ያስቃል?”

ያን ሰውዬ ሁለት ምዕራፍ ሙሉ ስጽፈው ከጩኸቱ ሌላ ምን እንዳለው አስቤ አላውቅም ነበር። ልጅ ይኑረው፣ ጓደኛ ይኑረው፣ ከወንበሩ ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም። አላስፈለገኝም ነበር።

በሳምንቱ ልጠይቃቸው ሰበታ ሄድኩ። እትዬ በሩን ከፍተው “አካም ጅርታ ልጄ፣ ግቢ ግቢ” እያሉ አስገቡኝ። አባባ በረንዳው ላይ አንገታቸውን በሻርፕ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። እንዳይናገሩ ስለታዘዙ በእጃቸው ነበር የሚያወሩት። እትዬ ደግሞ ይተረጉሙላቸዋል።

አባባ ጣታቸውን ወደ ወንበሩ ጠቆሙ።

“ወንበሩ አቧራ አለው፣ ይጠረግ ነው የሚለው” አሉ እትዬ።

አባባ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደገና ጠቆሙ።

“ፀሐይ ላይ አትቀመጭ ነው የሚልሽ።”

አሁንም ራሳቸውን ነቀነቁ። በመጨረሻ ተነሥተው ወንበሩን ራሳቸው አንሥተው አጠገባቸው አኖሩልኝ። “ተቀመጪ” ለማለት ነበር። እትዬ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ ውስጥ ገቡ፤ የአባባም ትከሻ ድምፅ በሌለው ሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔም ሳቅኩ። ካልጮኸ ምኑ ያስቃል ላለኝ ሰው መልሱን ያገኘሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

ወደ ቡራዩ ስመለስ ታክሲው ውስጥ ክፍሉን በልቤ ጻፍኩት። አከራዩ ድምፁ ይጠፋል። ተከራዮቹ በደስታ ቧንቧውን ለቀቅ አድርገው ምንጣፍ ያጥባሉ፤ ዘፈን ይከፍታሉ፤ እንግዳ ይጋብዛሉ። እሱ እጁን እያወናጨፈ ሲከለክላቸው “ጋሼ እየጨፈሩ ነው!” ብለው ያጨበጭቡለታል። ተስፋ ቆርጦ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መጮኽ ስላልቻለም የግቢውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ መስማት ይጀምራል። ከተከራዮቹ አንዷ ወጣት አስተማሪ ናት። ለጓደኞቿ የሱን ጩኸት እያስመሰለች ታስቃቸውና፣ “ጋሼ እኮ ካልጮኸ ያለ አይመስለውም” ትላለች። ይህን ሁሉ እሱ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል።

ከዚያ በኋላ ያለው አስቸገረኝ። መጀመሪያ የጻፍኩት አከራዩ ሲያለቅስ ነበር። ዳይሬክተሩ አንብቦ ወረቀቱን መለሰልኝ። “ስንት ዘመን ውሃ ሲቆጥብ የኖረ ሰው እንባውን ዝም ብሎ ያፈሳል?” አለኝ። በንግግሩ ስቄ በውሳኔው ግን ተናደድኩ። ሰው እንዲለወጥ ከፈለግን መለወጡ መታየት አለበት ብዬ ተከራከርኩ። እሱ ደግሞ የማናውቀው ሰው ከሆነ ማን ነው የተለወጠው አለኝ። ሳንስማማ ተለያየን።

ያስታረቁን አባባ ናቸው። ሐኪሙ ቀስ ብለው እንዲናገሩ ሲፈቅድላቸው ሁለታችንም ማይክና ላፕቶፕ ይዘን ሰበታ ሄድን። ድምፃቸው ተለውጧል፤ ወፍራምና ሻካራ ሆኗል፤ የአረፍተ ነገሩ ጫፍ ላይ ይሰበራል። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

“ልቅሶውን አውጪው” አሉኝ። “ይኼ ሰው በአንድ ጊዜ አይለወጥም። መጀመሪያ ይናደዳል። ግን የሚናደድበት ድምፅ የለውም። ስለዚህ ቁጭ ብሎ የቀረውን ይሰማል። አንቺ የቀረውን ጻፊ።”

“የቀረው ምንድነው አባባ?”

ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እትዬ እንዳይሰሟቸው ይመስላል፣ “ዝም ባልኩበት ጊዜ ሚስቴ ዕቃ ስታጥብ እንደምታንጎራጉር ሰማሁ” አሉኝ። “ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን አላውቅም ነበር። ታንጎራጉሪያለሽ እንዴ ብዬ እንዳልጠይቃት መናገር አልችልም። በኋላ መናገር ስችል ደግሞ ብጠይቃት ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ።”

ዳይሬክተሩ ላፕቶፑ ላይ አቀርቅሮ ቀረ።

ከዚያ ቀን ወዲህ አከራዩን በትንሽ በትንሹ ጻፍኩት። ቆጣቢነቱን አልተወም፤ ነገረኛነቱንም አልተወም። ብቻ አንድ ጠዋት ከቧንቧው ሥር በርሜል አኖረ፤ ውሃ በሚመጣበት ሰዓት ሥራ ላይ ለሚውሉት ተከራዮች ማታ የሚቀዱት እንዲኖራቸው። አስተማሪዋ “ጋሼ፣ ለኛ ነው?” ስትለው “ማስቀመጫ ቦታ አጥቼለት ነው” ይላል። ይህችን መስመር አባባ ሲያነቧት የዳይሬክተሩ ሳቅ ቀረጻው ውስጥ ገብቶ ደግመን መቅዳት ነበረብን።

ተመልካቹ ግን ወዲያው አልተቀበለውም። “አከራዩን አበላሻችሁት” የሚል አስተያየት ጎረፈ። “አባባ ምን ሆነው ነው?” ብለው ከልባቸው የጠየቁም ነበሩ። ፕሮግራሙን የሚያስተላልፈው ጣቢያ ኃላፊ ደውሎ፣ “ሰው እሑድ ከሰዓት መሳቅ ነው የሚፈልገው፤ ጩኸቱን መልሱልን” አለን። ዳይሬክተሩ እንደገና የድሮዎቹን ጩኸቶች መክፈት ጀመረ። አልፈረድኩበትም፤ የቤቱ ኪራይም የኛም ምሳ ከዚያው ነው የሚወጣው።

ይህን የሰሙት አባባ እኛን ሳይጠብቁ ከሰበታ መሃል ከተማውን አቋርጠው ሱሉልታ ድረስ መጡ። ታክሲ ደጋግመው ቀይረው፣ ሻርፓቸው አቧራ ለብሶ። ዳይሬክተሩ ደንግጦ ወንበር አቀረበላቸው።

“ጩኸቱ እዚያ ውስጥ ካለ ተጠቀሙበት” አሉት ኮምፒውተሩን እያመለከቱ። “አልከለክልህም። ብቻ እሱን የምትለጥፉበት ክፍል ላይ እኔን አትጥሩኝ። ያን ጩኸት ልጅ ሆኜ ስሰማው ነው ያደግሁት። አባቴ ሳይጮኽ ምን እንደሚል ሳልሰማ ነው የሞተው። አሁን ይኼኛው ሰውዬ መናገር ጀምሯል፤ ልስማው።”

ዳይሬክተሩ ሄዶ ሻይ አፈላላቸው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጩኸቱን ሲከፍት አላየሁትም። ለጣቢያው ኃላፊ ደውሎ “ምዕራፉ እስኪያልቅ ታገሡን” አለው፤ ሰውዬውም እያጉረመረመ ታገሠን።

የምዕራፉ መጨረሻ አስተማሪዋ የምትለቅበት ክፍል ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሥራዋ የሚቀርባት ቤት አግኝታ ዕቃዋን ጭናለች። ለአከራዩ ረጅም ስንብት ጻፍኩለት፤ ምርቃትም ነበረበት፤ ይቅርታም ነበረበት። አባባ ማይኩ ፊት ቆመው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

“ልጂቱ በሩ ጋ ደርሳለች አይደል? ቁልፉን ልትመልስ?” አሉኝ።

“አዎ፣ አባባ።”

“እሺ፣ አንቺ የሷን በይልኝ።”

ተዋናይቷ ስላልነበረች የሷን መስመር እኔ አነበብኩ። “ጋሼ፣ ቁልፉ ይኸው።”

“ያዢው” አሉ በዚያ በተሰበረ ድምፃቸው።

ወረቀቱ ላይ የሌለ ነበር። ከየት እንደመጣልኝ ሳላውቅ “ለምን?” አልኩ።

ዝምታው ስለረዘመ የሚሉትን አጡ ብዬ ነበር። “የመጣሽ ቀን በሩን እንዳትደበድቢው። ጫጫታ አልወድም።”

ዳይሬክተሩ ማዳመጫውን ከጆሮው አውርዶ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ደግመን አልቀዳነውም። የማይፈለገው እስትንፋሴ ሳይቀር እስከ ዛሬ ከጀርባው ይሰማል።

ያ ክፍል የተላለፈበት እሑድ የቡራዩ አከራዬ፣ የኔው የራሴ አከራይ፣ ሳሎናቸው ጠርተውኝ አብረን አየነው። ባለፉት ምዕራፎች “እኔን ነው የምትጽፊው አይደል?” እያሉ ሲያኮርፉኝ የኖሩ ሴት ናቸው። ቁልፉ ጋ ሲደረስ ጉንጫቸውን በመዳፋቸው ደገፉ። ሲያልቅ “እና በርሜሉን መልሶ ወሰደው?” ብለው ጠየቁኝ።

“አልወሰደውም፣ እማማ።”

“ገለቶማ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ሞኝ አላደረጋችሁትም” አሉ። ከዚያ የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል ለምን ሲበራ እንደሚውል ጠየቁኝ።

ጩኸቱን ሲጠብቁ የነበሩ ብዙ ሰዎች ሄደው ቀሩ፤ አልተመለሱም። ሌሎች መጡ። ጣቢያው አላባረረንም፤ ከእሑድ ከሰዓት ግን ወደ ሌላ ቀን አዛወረን። የአባባ ድምፅም እንደነበረ አልሆነም። ብርድ በሆነ ቁጥር ስለሚያማቸው አሁን እኛ ነን ማይካችንን ይዘን ሰበታ የምንወርደው።

አራተኛውን ምዕራፍ ስንጀምር በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳለ አባባ፣ “ይኼ ሰውዬ ሚስት የለውም እንዴ?” አሉኝ።

“አልጻፍኩለትም።”

“ለምን?”

“ስትሰማው የምትኖር ሴት ምን እንደምትል ስላላወቅኩ።”

እትዬ ከውስጥ ሆነው ሰምተውን ኖሮ እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ እያደረቁ ወጡ። ማይኩን ከላይ እስከ ታች አዩት። “ይኼ ነገር ቆሜ ነው ተቀምጬ የምናገርበት?” አሉ።

ዳይሬክተሩ ወንበር ሊያመጣላቸው ሲነሣ አባባ ቀድመውት ብድግ አሉ።