ለወጥ ቤት ዲግሪ የተነቀለ እንሰት

ዓለሚቱን ያወቅኋት በቆጮዋ ነው። ሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ ባለችው ምግብ ቤቴ ክትፎ ስጀምር ቆጮ አቅራቢ ፍለጋ ሦስት ሰው ቀያየርኩ። አንዷ ቃጫውን ሳታወጣ ትሸጥልኛለች፣ ሌላዋ ትናንት የተፋቀውን ከቆየው ጋር ትቀላቅልብኛለች። ዓለሚቱ ግን ማክሰኞና ቅዳሜ ከዶዮገና በሚኒባስ እየመጣች፣ በኮባ ጠቅልላ የምታመጣልኝ ነጭና ደረቅ፣ በወጉ የተብላላ ነበር። ዋጋ አትከራከርም። ከተከራከርኳት ጠቅልላ ትነሳለች። እኔ ግልፍተኛ ሴት ነኝ፤ ከሠራተኛ ጋር፣ ከአከራይ ጋር፣ ከገዛ እህቴ ጋር እንኳ አልስማማም። ከእሷ ጋር ግን አሥራ አንድ ዓመት ተስማምተን ኖርን።

ባሏ ገና በወጣትነቷ ሞቶባታል። ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯት። ትልቁ ሆሴዕ የዛሬ ሰባት ዓመት እንደ እኩዮቹ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ጀመረ። ማላዊ ደረስኩ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ስልኩ ዝም አለ። ከዓመት ተኩል በኋላ አብሮት የነበረ ልጅ ደውሎ፣ ሆሴዕ በጭነት መኪና ውስጥ ታፍኖ መሞቱን ለቤተሰቡ ተናገረ። አስከሬን ሳይኖር ድንኳን ተተከለ፣ የአጥቢያው መዘምራን ዘመሩ፣ ሕዝቡ ተበተነ። ዓለሚቱ በሳምንቱ ቆጮ ይዛልኝ መጣች። ሒሳቧን ብቻ ሰጠኋት።

ከዚያ ወዲያ ኑሮዋ አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ታናሹ ሚክያስ እንዳይሄድ። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። አንድ ነቢይ ነኝ ባይ በጸሎት ፕሮግራም ላይ ለወጣቶቹ የደቡቡ በር ተከፍቷል ብሎ ሲናገር፣ ልጇን ክንዱን ይዛ ከመሀል አውጥታዋለች አሉ። ልጆችን በድንበር የሚያሻግረው ደላላ በሰፈሩ ባለፈ ቁጥር ሚክያስን እንሰት ጓሮ ውስጥ ሥራ ትፈጥርለታለች። ጓሮዋ ለምለም ነበር፤ የላሞቿ እበት አንድ ቀን ተጓድሎበት አያውቅም። እኔ ግን እዚያ በሄድኩ ቁጥር ቀልቤ አይወደውም ነበር፤ ከሰፈሩ ወጣት ወንድ የቀረ አልነበረማ።

ሚክያስ አሥራ ሁለተኛን ሲጨርስ የምግብ ዝግጅት ልማር አለ። እናቱ በሐዘን ምግብ መሥራት ባስጠላት ወቅት ምድጃውን የያዘው እሱ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ እጁ ወጥ ያውቃል። ሰፈርተኛው በሳቅ ፈነዳ፤ ሽሮ በዲግሪ ሊሠራ ነው እያሉ ቀለዱበት። ዓለሚቱ አልሳቀችም። ሐዋሳ አንድ የግል ኮሌጅ አለ፤ ሦስት ዓመት ነው፤ ከወር ክፍያው ሌላ ቤት ኪራይ አለ፣ ቀለብ አለ፣ ቢላውና ነጩ ልብስም በራስ ነው። ከጓሮዋ ሌላ ያላት ደግሞ ከቤቷ በላይ ያለው ማሳ ብቻ ነበር፤ ከሁለት መቶ የሚበልጥ እንሰት የቆመበት። ባሕር ዛፍ የሚተክል አንድ የአጣና ነጋዴ ለሰባት ዓመት ሊከራየው ጠይቋታል፤ እንሰቱ ከተነቀለለት።

አንድ ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ልጇን ይዛ መጣች። ቆጮውን አስረክባ ተቀመጠች፤ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ወጪውን አንድ በአንድ ነገረችኝ፤ ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦

«ወይንሸት፣ ሥራው ያንቺ ነው። እዚህ ከተማ ዲግሪ ያለው ሰው ወጥ ቤት ቢገባ በወር ስንት ይሰጡታል?»

መልሱን አሳምሬ አውቀው ነበር። ትልቁ ሆቴል የሚከፍለው እንኳ ስድስት ሺህ አይሞላም። ወረቀት የሌላቸው ሴቶች በግማሹ ያንኑ ሥራ እየሠሩለት ለምን ይጨምራል? ግን ልጁ ዓይኔን እያየኝ ነበር፤ ወንድሙን ቁርጥ። እውነቱን ብነግረው በቀጥታ ከዚህ ተነስቶ ደላላው ጋ እንደሚሄድ ታየኝ።

«ሲጀምር አሥራ አምስት ሺህ» አልኩ። «ሼፍ ሲሆንማ ሠላሳ።»

አፌን በቆረጠው። ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር፤ ያወጣሁትም ሳላቅማማ ነው። ዓለሚቱ ጣቷን እያጠፈች አሰላች፤ ለኮሌጁ የሚወጣው በሁለት ዓመት ይመለሳል አለች። ሚክያስ ፈገግ አለ። እኔ ሻይ ላምጣ ብዬ ተነሳሁ።

እንሰቱ በወሩ ተነቀለ። ለመፋቅ ከደረሰው ይልቅ ያልደረሰው ይበዛ ነበር። የሦስት ዓመት እንሰት ገና ልጅ ነው፤ ቢፋቅ ከውሃ በስተቀር የሚወጣው ነገር የለም። ግማሹን ለከብት ሰጠችው፣ የቀረውን ፍቃ እንዲብላላ ቀበረችው። በዚያ ዓመት የምታመጣልኝ ቆጮ እጅ ላይ የማይቆም፣ ለክትፎ የማይሆን ሆነ። ደንበኛ ሲያጉረመርምብኝ ጊዜ በሰው ፊት ጮህኩባት። ያልደረሰ ነው፣ ሌላ የለኝም ብላ ብቻ መለሰችልኝ። በማን ምክር እንደተነቀለ እያወቅሁ ነበር የጮህኩባት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያመኛል።

ሚክያስ ሦስት ዓመቱን ጨርሶ በጥሩ ውጤት ተመረቀ። ስማቸውን የማልይዛቸው የፈረንጅ ስጎዎች ይሠራል፤ ሽንኩርት ሲከትፍ እጁ አይታይም። እዚሁ ሆሳዕና አንድ ሆቴል በአምስት ሺህ ስምንት መቶ ቀጠረው። የሙከራ ደሞዝ መስሎት ሦስት ወር ጠበቀ። ባለቤቱ እንግዳው የሚፈልገው ክትፎና ጥብስ ነው፣ ስጎህን ለራስህ አለው። ክትፎውን ደግሞ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልደረሱት ሴቶች ከእሱ በተሻለ ያውቁታል፤ ሳይደብቁ አስተማሩት። ከደሞዙ ግማሹ ለቤት ኪራይ ይሄዳል። ለእናቱ የሚተርፈው ለሚኒባስ መሳፈሪያዋ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ እኔ ጋ ጎራ አለ።

«እትዬ ወይንሸት፣ አሥራ አምስት ሺህ የሚከፍለው የትኛው ሆቴል ነው?»

ጊዜው ከፍቶ ነው፣ ያኔ እንደዚያ ነበር ብዬ አድበሰበስኩ። በትሕትና አመስግኖኝ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። በመናኸሪያው በኩል ሲሄድ እያየሁት ልከተለው አሰብኩ፤ ደንበኛ ገባና ቀረሁ።

ደላላው ያገኘው በዚያ ሰሞን ነው። ዲግሪውን አየለት፤ ሙያ ያለው ሰው እዚያ እንደ ደረሰ ሥራ ይይዛል ብሎ ዋጋ ቀነሰለት፤ ሩቡን አሁን፣ ሌላውን ስትደርስ አለው። ለዚያ ወረቀት ዋጋ ያወጣለት የመጀመሪያው ሰው ደላላው ሆነ። ሚክያስ ከባልንጀሮቹ ተበድሮ ሩቡን ከፈለ፤ ለእናቱ አልነገራትም።

ዓለሚቱ ሐሙስ ቀን መጣች። ሐሙስ መጥታ አታውቅም። እጇ ባዶ ነበር።

«ሞያሌ ነው» አለችኝ ሳትቀመጥ።

የሰማችው ጠዋት ነው። ሚክያስና ሌሎች አንድ ቤት ተዘግቶባቸዋል፤ ደላላው ቃሉን አጥፎ ቀሪውን እስከ ቅዳሜ አምጡ ብሏል። ካልመጣ ልጆቹ ለሌላ ሰው ይተላለፋሉ። ለማን እንደሆነ አልተናገረም። ስድስት ሰዓት ላይ እንደሚያስደውሉት ነግረዋታል። ከዚያ በላይ መሸከም አልቻልኩም። የዚያን ቀን ዋሽቼሻለሁ፣ አሥራ አምስት ሺህ የሚባል ነገር የለም፣ አልነበረምም አልኳት። እያለቀስኩ ነበር።

ዓለሚቱ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አውቅ ነበር» አለች። «አንቺ ጋ ከመምጣቴ በፊት ሦስት ሆቴል ጠይቄያለሁ። አንቺን የጠየቅሁሽ እሱ እንዲሰማ ነው። አንቺ ለልጅ ክፉ እንደማትነግሪ አውቃለሁ።»

እንግዲህ ሁለታችን ሳንነጋገር አንድ ልጅ ላይ ተባብረናል።

ጠረጴዛው ላይ ያኖረችው ስልኳ ጮኸ። አንቺ ንገሪው ብላ ወደ እኔ ገፋችው። አነሳሁት። ከኋላው የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማል፣ አንድ ሰው ያስላል። ሚክያስ መሆኑን ካረጋገጥኩ በኋላ ከዚያ ስትወጣ ወደዚህ ተመለስ አልኩት፤ ምግብ ቤቴን አንተ ያዘው፣ በወር አሥራ አምስት ሺህ እኔ ራሴ እከፍልሃለሁ አልኩት። ከልቤ ነበር። ክትፎ ቤቱ ይህን አይችልም፤ ግን ፍሪጁንም ሸጬ፣ ወርቄንም ሸጬ ልከፍለው ቆርጬ ነበር።

«እትዬ ወይንሸት፣ አሁንም?» አለኝ በለሰለሰ ድምፅ። «እማዬን ስጪኝ።»

ሰጠኋት። በከምባታኛ ተነጋገሩ፤ የገባኝ ቃል ጥቂት ነው። እሱ ብዙ ተናገረ፣ እሷ እሺ፣ እሺ ትላለች። በመሀል ስልኩን ሌላ ሰው ወሰደው፤ ድምፁ በአማርኛ ቅዳሜ አለ፣ ደግሞ ቅዳሜ አለ። ከዚያ ተቋረጠ።

ዓለሚቱ ስልኩን በመቀነቷ ቋጠረች። የቀራት እንሰት ቤቷን የከበበው ብቻ ነው፤ በየዓመቱ የምትበላው፣ ለሚቀጥለው የምታስቀረው ችግኝ ሁሉ እዚያው ነው ያለው።

«የአጣናው ነጋዴ አንቺ ጋ ምሳ ይበላል» አለችኝ። «ስልኩ አለሽ?»

ነበረኝ። ቁጥሩን እያነበብኩ ሰጠኋት፤ ከዚያ በኋላ ምን ትበያለሽ ብዬ አልጠየቅኋትም።