ለአክስቴ የተናገርኩት

መንጌ በምትባለው የአሶሳ ዞን ከተማ ልጅ ሳለሁ፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የአባቴ እህት ዘይነባ ግቢ ውስጥ እንሰበሰብና፣ የቀርከሃው እሳት ጧ ባለ ቁጥር እየደነገጥን፣ በኩራዙ ጭስ ዓይናችን እያለቀሰ፣ ተረት እንሰማ ነበር። አክስቴ ልጅ አልወለደችም፤ ያኔ ግን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሷ ነበር። ከወሎ የመጡት የጎረቤቶቻችን ልጆች እንዳይቀርባቸው ብላ የበርታ ቋንቋዋን ትታ በአማርኛ ትተርትልናለች። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ ግድ የሰጠው ግን አልነበረም። ደንቧ አንድ ነው፤ እሷ ቆም ስትል ሁላችንም «ከዚያስ?» ማለት አለብን።

አሶሳ ዘጠነኛ ክፍል በተማርኩበት ዓመት ለእረፍት ስመለስ የከተማ ልጅ ሆኛለሁ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። አንድ ምሽት አክስቴ ተረቱ መሃል ቆም አለች። ልጆቹ «ከዚያስ?» አሉ፤ እኔ አዛጋሁ።

«አንተ፣ አሶሳ ሄደህ ጆሮ ሸጥህ እንዴ?» አለችኝ፣ እኔን ሴቷን።

ልጆቹ ሳቁ። አፈርኩ፤ እፍረቴም እልህ ሆነ። ፈገግ ብዬ፣ ድምፄን አለስልሼ፣ «ምን ታድርጊ አክስቴ፣ የራስሽ ልጅ ቢኖርሽ የሰው ልጅ ጆሮ ባልለመንሽ» አልኳት።

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አልተቆጣችም። ፍሙን በእንጨት ገፋ ገፋ አድርጋ ተረቱን እስከ መጨረሻው ተረከችው፤ አንዴም ግን ወደኔ አልዞረችም። በማግስቱ ስሄድ «ዛሬ ተረት የለም፣ ደክሞኛል» አለችኝ። በሚቀጥለውም ቀን ደከማት። እረፍቴም አለቀ።

ዛሬ አሶሳ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለፈው ዓመት ከምናነበው ምንባብ ውስጥ «ሳርካስቲካሊ» የሚል ቃል ወጣ። በሽሙጥ፣ ሰውን በሚያቆስል አነጋገር ማለት ነው ብዬ ላልፍ ስል አንዲት ተማሪ «ቲቸር፣ ቃሉ ከየት መጣ?» ብላ ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላቱን ገለጥኩ። ሥሩ የጥንት ግሪክ ነው ይላል፤ ትርጉሙ ሥጋ መቦጨቅ፣ ውሻ እንደሚቦጭቀው። ጠመኔውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ስንት ዓመት «ልጅነት ነው፣ ቀልድ ነው» እያልኩ ራሴን ሳባብል፣ ያን ምሽት በአክስቴ ላይ ለሠራሁት ግሪኮች ድሮ ስም አውጥተውለት ኖሯል።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስኳርና ሻይ ቅጠል ይዤ መንጌ ሄድኩ። አክስቴ አርጅታለች። እጇን ስሜ ይቅርታ ጠየቅኳት።

«አላህ ይቅር ይበልህ፣ ልጄ። እኔ ረስቻለሁ» አለችኝ፤ መረቀችኝም። ደስ ብሎኝ፣ እንግዲያው አንድ ተረት ንገሪኝ አልኳት።

«ተረትም ረስቻለሁ» አለች፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ።

ስወጣ የጎረቤት ልጆች እየተጋፉ ሲገቡ በሩ ላይ ተላለፍን። አጥሩን ተደግፌ መኪና ስጠብቅ ድምፅዋን ሰማሁ። ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀው ተረት ነበር፤ ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ይቅር ማለቷን አልጠራጠርም። ይቅር የተባለ ሰው ግን እንግዳ ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ማንም አልነገረኝም ነበር፤ ስኳር ይዞ የሚመጣ፣ በምርቃት የሚሸኝ እንግዳ።