እንሰቱ ገና አልተተከለም

ሺንሺቾ አጠገብ ከነበረው ቤታችን የወጣንበትን ምሽት ዛሬም እንደ ትናንት አየዋለሁ። በጃንሆይ ዘመን ነው። ያረስነው መሬት ለሌላ ሰው ተሸጠ፤ ገዢው ጭሰኛ አልፈልግም አለና እስከ ገበያ ቀን ልቀቁ ተባልን። ሌላው ሰው ድስቱንና ቁርበቱን ሲጠቀልል እኔ ዶማዬን ይዤ ጓሮ ገባሁ። ሁለት የተመረጡ እንሰቶች ቆርጬ ጥዬ አምቾአቸውን፣ ያንን ከሰው ጭንቅላት የሚበልጠውን ሥር፣ ከነአፈሩ አወጣሁት። እናቴ እህቷ ዘንድ ልትቀር ስለነበር ደጃፍ ተቀምጣ ታየኛለች።

"መንገድ ላይ ቀቅላችሁ ልትበሉት ነው?" አለችኝ።

"ልተክለው ነው እንጂ።"

"የት?"

"እግዜር ባሳየኝ።"

ባለቤቴ ዳመነች አንዱን፣ እኔ ሌላውን ተሸክመን ወደ ሆሳዕና ነጎድን። በሁለተኛው ቀን ስንቃችን አለቀ። የተቀቀለ አምቾ እንዴት እንደሚጣፍጥ ለእናንተ ለአገሬ ሰዎች አልነግራችሁም፤ እንኳን ተርባችሁ ጠግባችሁም ታውቁታላችሁ። ዳመነች ግን "ይህን ከበላን የትም ብንደርስ እንግዳ ሆነን መቅረታችን ነው" አለች። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ እሷ ቀድማኝ ተናገረችው እንጂ።

ሆሳዕናን አልፈን ፎንቆ ደረስን። ወይ ብርድ! የሺንሺቾ ጥር ፀሐይ ያሞቃል፤ የፎንቆ ጥር ጆሮ ይቆርጣል። ሰዉ የሚያወራው በሃዲይኛ፣ እኔ ከምባትኛ። ደግነቱ አማርኛ ነበረኝ። ማን አስተማረህ ብትሉኝ ማንም! ከመዝሙር መጽሐፍና ከስኳር ጆንያ ላይ ፊደል የለቀምኩ ሰው ነኝ።

መሬት የሰጡን ቀኛዝማች ከሰሜን የመጡ፣ የጤፍ አገር ሰው ነበሩ። ውላቸው አጭር ነው።

"በቆሎ ትዘራለህ፣ ድርሻዬን ትሰጣለህ። እንሰት ግን እንዳትተክል!"

"ለምን ጌታዬ?"

"እንሰት የተከለ ጭሰኛ ውጣ ሲሉት አይወጣም። ዳኛ ፊት ቆሞ ተክሌ፣ ተክሌ ይላል። አውቃችኋለሁ!"

"እውነትዎን ነው ጌታዬ" አልኳቸው። ስለ እንሰት የሚያውቁት ይህን ብቻ መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

በዚያው ሳምንት አምቾዎቹን ሰነጠቅን፤ ልባቸውን አውጥተን ከቤቱ ጀርባ ቀበርናቸውና እበት አለበስናቸው። ሁለት ወር ሙሉ ምንም የለም። ዳመነች በየማለዳው እየሄደች አፈሩን በጣቷ ትነካለች፤ ከበሰበሰ አለቀልን። በልግ ሲዘንብ ግን! ቡቃያው እንደ ሠርገኛ እየተጋፋ ወጣ። ያን ቀን እንደ ጎረምሳ ዘለልኩ፤ ለነገሩ ጎረምሳም ነበርኩ።

በቆሎው ሲደርስ ቀኛዝማቹ በበቅሎ መጡ።

"አንተ ኤርጫፎ! ይሄ ምንድን ነው?"

"ችግኝ ነው ጌታዬ።"

"አትትከል አላልኩህም?"

"መቼ ተከልኩ? እንዲህ ተፋፍጎ የቆመ ነገር ተተከለ ይባላል?"

ጢማቸውን እያሻሹ ሄዱ። በዓመቱ ችግኙን ነቅለን አራርቀን ሌላ ቦታ አደረግነው። እንደገና መጡ።

"ደግሞ ወዲህ መጣ?"

"ተዛወረ እንጂ አልተተከለም ጌታዬ። እንሰት ከቦታ ቦታ ሁለት ጊዜ ሳይሰደድ ተተከለ አይባልም።"

ይህ ውሸት አይደለም፤ የኛ አገር አሠራር እንዲሁ ነው። እሳቸው ግን አላመኑኝም። አጥር ላይ ተደግፈው ወደሚሰሙት ጎረቤቴ፣ ወደ አባ ሄራሞ ዞሩ።

"ይሄ ሰው እየቀጠፈብኝ ነው?"

"እውነቱን ነው ጌታዬ" አሉ አባ ሄራሞ፣ የፊታቸው ሥጋ ሳይነቃነቅ። "ይኼ እንሰት ገና መንገደኛ ነው።"

በቅሎዋ ከዓይን እንደራቀች አባ ሄራሞ አጥሬን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። "አንተ ከምባታ! አንተስ ሰይጣን ነህ!" አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በፎንቆ ማንም እንግዳ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ዓመት እንሰቱን ለመጨረሻ ጊዜ አዛውረን በሰፊው ተከልነው። በዚያ ዓመት ቀኛዝማቹ ሆሳዕና በሙግት ተይዘው ስለነበር ድርሻቸውን በሎሌ አስወሰዱ። በአራተኛው ዝናቡ ቀረ፤ በቆሎው ቆሞ ደረቀ። ድርሻቸውን ሊቀበሉ ሲመጡ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ባዶ እጁን የቀረ ጭሰኛ ደግሞ ልቀቅ እንደሚባል አውቃለሁ፤ ያን ቃል አንዴ ሰምቼዋለሁ። ዳመነች ለጋ ለጋውን ፍቃ ያኖረችውን ቆጮ ጋግራ፣ በጎመን አድርጋ አቀረበችላቸው። ከመንገድ የመጣ ሰው ይርበዋልና በሉ።

"ከየት የመጣ ነው?"

"ከዚያ ከመንገደኛው ነው ጌታዬ።"

እጃቸው ሳህኑ ላይ ቀረ። "ተተክሏል በለኛ!"

"አምና ተተክሏል።"

ቀኛዝማቹ ቀና ብለው አዩኝ፤ ጓሮውን አዩ፤ በዚያ ደረቅ አገር ላይ አረንጓዴ የሆነው እሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ሌላ ጉርሻ ቆረሱ።

"ሌባ!"

"አቤት ጌታዬ።"

"ለኔም ቤት ችግኝ አምጣ። አተካከሉንም አንተው ታሳያለህ።"

ልቀቅ የሚል ቃል ከዚያ ወዲያ አልሰማሁም።

በሳምንቱ ወደ ሺንሺቾ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ አገኘሁና "ለእናቴ፣ ልጅሽ ተክሏል በላት" አልኩት። ደረቴን ነፍቼ ምላሹን ጠበቅሁ። ነጋዴው ተመልሶ መጣ።

"እልል ብላለች" አለኝ። "ኋላ ግን 'እስከ ዛሬ መቼ ትመጣለህ እያልኩ ነበር የምልክበት፤ ከተከለማ ከእንግዲህ ምን ብዬ ልላክበት?' ብላሃለች። ነገ ወራጅ ነኝ፤ ምን ልበላት?"

ቀኛዝማችን ያህል ሰው በቃል የረታሁ እኔ፣ ጫማውን አየሁ፣ የበቅሎውን ጭነት አየሁ።

"በሚቀጥለው ገበያ እነግርሃለሁ" አልኩት።

በሚቀጥለውም ገበያ እንዲሁ አልኩት።