የልሳነወርቅ ግራ እጅ

ያን ሰመር አልረሳውም። አሥራ ሰባት ዓመት መሬት ውስጥ ተኝቶ የኖረው ቀይ ዓይናማ ነፍሳት፣ ልጆቹ ሲካዳ የሚሉት፣ ከየዛፉ ሥር እየወጣ ሲልቨር ስፕሪንግን በጩኸት የሞላበት ጊዜ ነው። ጠዋት በር ስከፍት ቅርፊቱ እግሬ ሥር ይንኮሻኮሻል። ሰው የኮሮናውን ማስክ ማውለቅ የጀመረውም ያኔ ነው። ጎረቤቴን ከአፍንጫዋ በታች ሳያት አዲስ ሰው መሰለችኝ። ሙቀቱ፣ ጩኸቱ፣ የሰው ፊት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብን። ግራ የሚያጋባ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ደስታው ነው የሚበልጥብኝ።

ልሳነወርቅ ከቤቴ ሥር ያለውን ቤዝመንት የተከራየችው በዚያ ሰሞን ነው። አንድ ሻንጣና በጥቁር ከረጢት የተጠቀለለ ረዘም ያለ ዕቃ ይዛ መጣች። የአልጋ ብረት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኪቦርድ ኖሯል። አርባን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል ሴት ናት። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዴይ ኬር ውስጥ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ እሑድ አሌክሳንድሪያ ሄዳ ጉባኤያቸው ውስጥ ለመዘምራኑ ኪቦርድ ትጫወታለች። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ እሷ ጴንጤ። ስሟ ግን የኛ ሰው ስም ስለሆነ፣ "ስምሽ እኛ ጋ ቀርቶ አንቺ ወዴት ሄድሽ?" እላታለሁ። "ስሙን እንኳ ይተዉልኝ፣ እማማ ዕንቁ፤ የአያቴ ስጦታ ነው" ትለኛለች እየሳቀች።

አዲስ አበባ ሳለች ስቱዲዮ ውስጥ ሠርታለች። ሠርታለች ማለቴ፣ ወንዶቹ ያቀናበሩትን እንድትጫወት ይጠሯታል፣ ስትጨርስ አመስግነው ይሸኟታል። አቀናባሪ ተብላ ተጠርታ አታውቅም። ቅንብር ማለት፣ እሷ እንዳስረዳችኝ፣ ዜማው ምን ለብሶ እንደሚወጣ መወሰን ነው። ከበሮው የት ይግባ፣ ክራሩ የት ዝም ይበል፣ ያንን የሚቆርጠው ሰው ነው አቀናባሪ የሚባለው። ልሳነወርቅ መሆን የፈለገችው ይህንኑ ነው፤ ከማንም ደብቃው አታውቅም።

በዚያው ሰሞን መዘምራኑ አልበም ሊያወጡ ተነሡ። ልማዳቸው ዜማውን በስልክ ቀድተው አዲስ አበባ መላክ ነው። እዚያ ይቀናበራል፣ እዚህ ድምፅ ብቻ ይገባበታል። መሪያቸው ነህምያም እንደ ወትሮው ሊልክ ሲል ልሳነወርቅ ፓርኪንግ ላይ አስቆመችው። አንድ መዝሙር ስጠኝ፣ እሱም የእትዬ አሰለፈች ይሁን፣ እሳቸው ከወደዱት አልበሙን በሙሉ እኔ ላቀናብር፣ ካልወደዱት ላከው፣ ሁለተኛ አልጠይቅህም አለችው። ነህምያ ሰው አክባሪ ነው፣ እሺ አላት። አሰለፈች ከሀያትስቪል የምትመጣ የመዘምራኑ ታላቅ ናት። እሷን ማስደሰት ቀላል አይደለም ይላሉ፣ የሚያውቋት።

የልሳነወርቅ ኪቦርድ ደግሞ አርጅቷል። ከቁልፎቹ አንዳንዱ ሲነኩት ይጮኻል፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይሰማም። ስለዚህ ሚዲ ኪቦርድ ልትገዛ ሆነ። ኩሽናዬ ውስጥ ተቀምጣ ስልኳ ላይ ፎቶውን ታሳየኛለች። ይኼ ሃያ አምስት ቁልፍ፣ ይኼ ስልሳ አንድ፣ ይኼኛው ሰማንያ ስምንት።

"ድምፁስ እንዴት ነው?" አልኳት።

"ድምፅ የለውም፣ እማማ። እሱ ኮምፒውተሩን ያዝዛል እንጂ፣ የሚጮኸው ኮምፒውተሩ ነው።"

"ድምፅ የሌለው ዕቃ ልትገዢ?"

"የርስዎ ሪሞትስ ድምፅ አለው?"

መነጽሬን አድርጌ ፎቶውን እንደገና አየሁት።

ነህምያ ኮል አድርጎ የመከራት ትልቁን እንድትገዛ ነው። ስቱዲዮ የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዕቃውን ነው፣ ትንሽ ኪቦርድ ካየ መጫወቻ ይመስለዋል አላት። እውነቱን ነው። የኛ ሰው ሠርግ ላይ እንኳ ኪቦርዱ አጠር ካለ ያጉረመርማል። እሷም፣ ሴት አቀናባሪ ብሎ የሚጠራጠር ሰው ገና ከበሩ ሲገባ ዓይኑ እንዲሞላ ፈልጋ ይመስለኛል፣ ሰማንያ ስምንቱን ገዛች። ከጎረቤቴ ባል ጋር ተጋግዘው በደረጃው አወረዱት። ያማረ ዕቃ ነበር፣ ቁልፉ እንደ ፒያኖ ከበድ ያለ። ጠረጴዛውን ጠቅልሎ ስለያዘው ከዚያ ወዲያ ምግቧን አልጋ ላይ ነበር የምትበላው።

ቅንብሩን ስትጨርስ አሰለፈች መጣች። ድምፅ የሚቀዳው ሰው በሚያስቆመው የግድግዳ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ልሳነወርቅ የክረምት ካፖርቶቼንና ሁለት ጋቢ ሰቅላበታለች፣ የነፍሳቱ ጩኸት እንዳይገባ። አሰለፈች ካፖርቶቹ መካከል ቆማ ዘመረች፣ ከዚያ ወጥታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ፊቷን አያለሁ። እስከ መጨረሻው ሰምታ አወለቀችው።

"ልጄ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ግን እኔ ድምፄን ሳጥፍ ሙዚቃው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ፈረንጅ መሃል ብቻዬን የዘመርኩ መሰለኝ።"

ልሳነወርቅ አልተከራከረችም። አንድ ጊዜ እንድትመለስላት ብቻ ለመነቻት። አሰለፈች እመለሳለሁ፣ ነህምያ ከጠየቀኝ ግን አልዋሽም አለች። ጠየቃት፣ አልዋሸችም። ነህምያም ዜማዎቹን ሰኞ እልካለሁ፣ እስከዚያ የምታሰሚው ካለሽ እሑድ ከሰዓት እመጣለሁ አላት።

ስታለቅስ አገኛታለሁ ብዬ ምሳ ይዤ ወረድኩ። አላለቀሰችም። አሮጌውን ኪቦርድ ከአልጋ ሥር አውጥታ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ኤሌክትሪክ ሳትሰካው ትጫወታለች። ቀኝ እጇ ቁልፎቹ ላይ ነው። ግራ እጇ ግን ዳር ላይ ያለች አንዲት መዘውር ይዟል፣ ፒች ይሏታል፣ አውራ ጣቷ እሷን ወደ ላይ ወደ ታች ያደርጋል። ጠጋ ብዬ ሳይ የቁልፎቹ ፊት ደህና ነው። ያቺ መዘውር ግን ጥርሷ ሁሉ አልቆ ልሙጥ ሆናለች።

"አዩ፣ እማማ? የኛ ዜማ ከቁልፍ ወደ ቁልፍ አይዘልም፣ እየታጠፈ ነው የሚሄደው። የማጥፈው በዚች ነው። አዲሱ ላይ ከቁልፎቹ ኋላ ሰቅለዋታል፣ እጄ ሲፈልጋት ያጣታል።"

"ስትገዢ አላየሻትም?"

"ቁልፍ ስቆጥር ነበራ።"

ትልቁን ኪቦርድ ለስፕሪንግፊልድ ሰው ሸጠችው፣ ልጁን ፒያኖ ሊያስተምር ለሚፈልግ አባት። ቅዳሜ እኔ በርበሬ ልገዛ ፎልስ ቸርች ስታደርሰኝ፣ በዚያው የሙዚቃ ዕቃ መሸጫ ገባን። ሻጩ ጨዋ ፈረንጅ ነው። መብራት የሚበራበትን፣ ብዙ ማዞሪያ ያለውን እያነሣ ያሳያታል። እሷ ቀኝ እጇን ኪሷ ከታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ግራ እጇን ብቻ ከአንዱ ወደ አንዱ ታሳርፋለች። አንደኛው መዘውር የለውም፣ እንደ ስልክ በጣት የሚዳሰስ ነው። ጣት ሲያልበው ይይዛል ብላ ተወችው። የሌላው ላላ ያለ ነው፣ ስትለቀው እየተጎተተ ይመለሳል። በመጨረሻ አርባ ዘጠኝ ቁልፍ ያለው አንድ ጥቁር ዕቃ ላይ ቆመች። ጌጥ የለው፣ ምን የለው። መዘውሩ በግራ፣ ልክ ከቁልፎቹ ጎን፣ ጠበቅ ያለ፤ ስትለቀው ቦታው ላይ ጥብቅ ይላል። ደጋግማ ገፋችው፣ ደጋግማ ለቀቀችው። ሻጩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሲላት መለሰችለት፣ እሱም ሳቀ።

"ምን አለሽ?" አልኳት መኪና ውስጥ።

"ትልቁንም ቢሆን እጅሽ ይለምደዋል አለኝ። እጄ ለምዶ ጨርሷል አልኩት።"

የዚያን ዕለት ከሰዓትና በማግሥቱ ጠዋት ቅንብሩን እንደ አዲስ ሠራችው። ጉባኤም አልሄደች። እሑድ ከሰዓት ነህምያ አሰለፈችን በመኪናው ይዞ መጣ። ወርዶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ዕቃ አየና፣

"እህት ልሳነወርቅ፣ ግማሹስ የት ሄደ?" አላት።

"ስፕሪንግፊልድ" አለችው፣ ቀና ሳትል።

አሰለፈች ካፖርቶቹ መካከል ገባች። ልሳነወርቅ ቅንብሩን ለቀቀችላት። ማዳመጫውን ለኔም ሰክታልኝ ስለነበር ሰማሁት። የአሰለፈች ድምፅ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ሙዚቃውም አብሯት ታጠፈ፣ ትንሽ ቀድሟት፣ እንደ መንገድ የሚያሳይ ሰው። ከዚያ አሰለፈች መዝሙሩን መሃል ላይ አቋረጠች። ነህምያ እኔን አየኝ፣ እኔ ልሳነወርቅን አየሁ። እሷ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች።

"ከመጀመሪያው ልቀቂልኝ" አለች አሰለፈች ከቁም ሣጥኑ ውስጥ። "እሱን ስሰማ ቃሉን ረሳሁት።"

ሁለተኛውን ጨረሰችው። ስትወጣ ላዳምጥ አላለችም። ሻርፗን እያስተካከለች ወደ ነህምያ ዞረችና፣

"ነገ የምትልከው ነገር የለም" አለችው።

ነህምያ ስልኩን አወጣና የቀሩትን መዝሙሮች እዚያው ቆሞ አንድ በአንድ ለልሳነወርቅ ላከላት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ድምፅ ባሰማ ቁጥር አሰለፈች ትስቃለች።

አልበሙ ሲወጣ ቅንብር የሚለው ጎን የተጻፈው የሷ ስም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የቤቴ ደረጃ ሰው አልተለየውም፤ ዘማሪው፣ ሠርግ የሚደግሰው፣ የኛም ሰዎች ሳይቀሩ። ዴይ ኬሩን ከዓመት በኋላ ተወችው።

ከቤቴ ከወጣች ቆይቷል። ባለፈው እንቁጣጣሽ ስትደውልልኝ የምትኖረው አሌክሳንድሪያ ነበር፣ ከጉባኤያቸው ብዙ በማይርቅ አፓርታማ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ትንሹን መኝታ ቤት ስቱዲዮ አድርጋዋለች።