ጉብኝቱ ይቅርብኝ ያለችው እጩ

ጋሽ ወስፌ ጫማ ሰፊ ናቸው። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጎን፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ በሚቀርባት ጠባብ ሱቅ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው፤ ሲናገሩ ይወጋሉ ተብሎ።

አንዲት ልጅ አለቻቸው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። ታዲያ ይህች ልጅ ለጦር አካዳሚ አመልክታ የጽሑፍ ፈተናውን አልፋለች፤ የቀራት ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው የሩጫ ፈተና ነው። ከዚያ በፊት፣ በመጪው ቅዳሜ፣ እጩዎች መጥተው ግቢውን እንዲጎበኙ የሚጋብዝ ደብዳቤ ደረሳት።

"ይቅርብኝ" አለች ደብዳቤውን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ። "ሕንፃና ሜዳ ነው፤ ምኑ ይጎበኛል?"

የጋሽ ወስፌ ደም ፈላ። "ሰው ቤት ሲከራይ እንኳ ክፍሉን አይቶ ነው። አንቺ ለሰባት ዓመት ልትፈርሚ ነው፤ የምትተኚበትን አልጋ ሳታዪ?"

"አልሄድም አልኩህ እኮ አባዬ።"

ይቺ ልጅ ከአሥር ዓመቷ ጀምሮ ወታደር እሆናለሁ እያለች ጆሯቸውን ያደነቆረች ናት። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ታያቸው፤ ፈርታለች። ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተው ሦስት ቀን ሲያብሰለስሉ እህል ውሃ አላሰኛቸውም። መፍራቷ ምንም አይደለም፤ ያንገበገባቸው ከእሳቸው መደበቋ ነው።

ሐሙስ ጠዋት፣ እሷ ሳትነሳ፣ የአዘቦት ጫማዋን ይዘው ሱቅ ሄዱ። እልኸኛ አይደሉ፣ ለቅዳሜ ሊያሳምሩላት ነው። እንደ ልማዳቸው መጀመሪያ ገልብጠው ሶሉን አዩ። የሰው አካሄድ የሚነበበው እዚያ ላይ ነዋ። የግራው ታኮ ተበልቶ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። የቀኙ ትናንት የተመታ ይመስላል። ሁለቱንም ታኮ በአንድ ቀን፣ ከወር በፊት፣ የመቱላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

"ወይ ጉድ" አሉ ለብቻቸው። ቀኝ እግሯን አትረግጥበትም ማለት ነው። ሰሞኑን ማታ ማታ ሲገቡ ሁልጊዜ ተቀምጣ የምትጠብቃቸው ለምን እንደሆነ አሁን ገባቸው። ደብዳቤው እንደሚለው ጉብኝቱ ግማሽ ቀን በእግር ነው፤ መኮንኖቹ ፊት ካነከስኩ እሰረዛለሁ ብላ ነው።

ስለዚህ አልፈራችም። ከሦስት ቀን ወዲህ የመጀመሪያውን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ወዲያው ደግሞ ደነገጡ። በዚህ እግሯ ከሮጠች ዕድሜ ልኳን ልታነክስ ነው። ከጉብኝቱ ብትቀርስ፣ አትፈልግም ብለው ቢሰርዟትስ?

ደብዳቤው ላይ ወዳለው ስልክ ደወሉ። አንዲት መቶ አለቃ አነሳች።

"የጎረቤት ልጅ ናት" ብለው ጀመሩ ጋሽ ወስፌ፣ ውሸት እንደማይሆንላቸው እያወቁ። "እግሯን ትንሽ አሟት..."

"እንግዲያው ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ" አለች መቶ አለቃዋ። "ጉብኝቱ ነጥብ የለውም፤ የቀረውንም የሚመዘግብ የለም። ትረፍ። የሐኪም ወረቀት ካመጣች የሩጫ ፈተናውም ሁለት ወር ይራዘምላታል። ደብቀው የሚሮጡት ናቸው የሚያሳዝኑን።"

"እግዜር ይስጥሽ የኔ ልጅ" አሉ፤ መቶ አለቃ መሆኗንም ረሱት።

ሱቃቸውን ዘግተው በቀጥታ ወደ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታጠናለች።

"ጉብኝቱ ይቅርብሽ" አሏት።

"እውነትህን ነው?"

"እውነቴን ነው። ይልቅ ቀኝ እግርሽን አሳዪኝ።"

ፊቷ ተለዋወጠ። ስለ ታኮውም ስለ መቶ አለቃዋም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት።

"ስሮጥ ወድቄ ነው። ብነግርህ ታስቀረኛለህ ብዬ" አለች አንገቷን ደፍታ።

ጋሽ ወስፌ ሊክዱ ፈለጉ፤ አልሆነላቸውም። "አስቀርሽ ነበር። አሁን ግን ሐኪም ቤት ነው የምወስድሽ። ሲሻልሽ ትሮጫለሽ።"

ካልሲዋን ቀስ ብላ አወለቀችና እግሯን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈችው። ቁርጭምጭሚቷ አብጧል።

"በጣም ያመኛል አባዬ" አለች፣ ወር ሙሉ የዋጠችውን።

ጋሽ ወስፌ ያበጠውን እግር በሁለት እጃቸው ይዘው እፎይ አሉ።