ለጋሼ ወርቁ የተቀመጥነው ለቅሶ

ልጅ ሳለሁ፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ዓመታት፣ አሜሪካ ውስጥ ሌክ ሃይላንድስ በሚባል ሰፈር በነበረው አፓርታማችን ታክሲ የሚነዳው አባቴ፣ አረጋውያን መጦሪያ የምትሠራው እናቴ፣ ታናሽ ወንድሜ ናሆም፣ እኔ፣ እንዲሁም የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ወርቁ አብረን እንኖር ነበር። ጋሼ ወርቁ አገር ቤት የታሪክ መምህር ነበሩ፤ ያኔ ግን ኧርቪንግ በምትባል አጎራባች ከተማ በሚገኝ ሆቴል የእንግዶችን ሻንጣ ይሸከሙ ነበር። ሆቴሉ አሮጌ መጻሕፍቱን ሊጥል ሲል አንድ ካርቶን ለምነው አመጡ። ሁሉም ስለ አየርላንድ ነበሩ፤ ስለ ታሪኳ፣ ስለ ሰዎቿ ሕይወት፣ ስለ ረግረጓና ስለ ገደላማ ጠረፏ።

ማታ ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍተው የጠረጴዛውን ብቻ ያስቀሩና፣ በእንግሊዝኛ እያነበቡ በአማርኛ ይተርኩልን ነበር። ከረግረግ ተቆርጦ፣ ደርቆ ስለሚነድ አፈር ሲነግሩን «እንደ ኩበት በሉት» ይሉናል፤ ኩበት አይተን የማናውቀው እኛ ግን ጭሱ ዓይናችንን የሚቆጠቁጠን ይመስለን ነበር።

«ድሆቹ የሚበሉት ድንች ብቻ ነበር» ሲሉ ናሆም «ኦኬ፣ ግን ኬቸፕ የላቸውም?» አለ።

«ቢኖራቸውማ አንተን ይጠሩህ ነበር፣ ሆዳም!»

አንድ ምሽት፣ ልጅ ወደ አሜሪካ ሊሄድ ሲል ቤተሰቡ ጎረቤት ሰብስቦ እንደ ሞተ ሰው ያለቅስለት እንደነበር አነበቡልን፤ የሄደው አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይታይምና። በዚያው ሰሞን አባቴ ሮውሌት በምትባል ራቅ ያለች ከተማ ቤት ገዝቶ ነበር። ጋሼ ወርቁ መኪና ስለማይነዱና ቤቱ ከሥራቸው ስለሚርቅ ብቻቸውን ሊቀሩ ወሰኑ። አባቴ ለመነ፣ እናቴ ተቆጣች፤ አልሰሙም።

አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ትልልቆቹ ከሥራ ሳይገቡ፣ እኔና ናሆም ሶፋውን ገፍተን ፍራሽ መሬት ላይ ዘረጋን፤ የእናቴን ጥቁር ነጠላ ለሁለት ተከናንበን «ወይኔ ጋሼ!» እያልን ማልቀስ ጀመርን። የአየርላንዱን ልማድ በምናውቀው በሐበሻ ለቅሶ ሥርዓት ነበር የፈጸምነው። በጨዋታ የጀመርነው እንባ ብዙም ሳይቆይ የእውነት ሆነ።

እናቴ በሩን ከፍታ ስታየን ደነገጠች። «ምነው? ማን ሞተ?»

«ጋሼ ወርቁ» አላት ናሆም።

ግድግዳውን ተደግፋ ቀረች። «አልሞቱም እኮ! ብቻቸውን ሊቀሩ ስለሆነ ነው» አልኳት በፍጥነት።

«በቁም ይለቀሳል? ሟርተኞች!» እያለች ነጠላዋን ከላያችን ስትገፍ ጋሼ ወርቁ ከሥራ ገቡ። ፍራሹን አዩ።

«ማንን ቀበራችሁ?»

«እርስዎን ነዋ!» አለች እናቴ። «መጽሐፍዎ ያስተማራቸው ነው፤ እንግዲህ ይፍረዱ።»

መሳቅ ጀምረው የናሆምን ያበጠ ዓይን ሲያዩ ተዉት። ጫማቸውን አውልቀው ከመካከላችን ፍራሹ ላይ ተቀመጡ፤ ረጅም ጊዜም ዝም አሉ።

በኋላ በዩኒቨርሲቲ ብዙ የታሪክ መጻሕፍትን በሥርዓት አንብቤአለሁ። ስለ አየርላንድ ሳነብ ግን ዛሬም የሚታየኝ ያ ዝምታቸው ነው፤ የሚለቀስለት ሰው ምን ያህል እንደሚወደድ በቁሙ ሲያውቅ የሚይዘው ዝምታ።

በዚያው የለቅሶ ምሽት አባቴ ሲመጣ ተመካክረን ወሰንን። ጋሼ ወርቁ ከእኛ ጋር ሮውሌት ይገባሉ፤ አባቴም ማለዳ ወደ ኤርፖርት ሲወጣ ሆቴሉ ደጃፍ ያደርሳቸዋል። እናቴ አንድ ነገር ጨመረች፤ እሳቸውም ሳይከራከሩ ተቀበሏት፤ በአዲሱ ቤት በመጀመሪያው ምሽት የሚነበበው የሠርግ ታሪክ ይሆናል።